ውብነሽ ሳታየው የመሰከረችለት ሰማይ

ሰመራ ላይ ዝናብ ለመለካት መቀጠር ራሰ በራ በበዛበት ሰፈር ፀጉር ቤት እንደመክፈት ነው። ውብነሽ ግን ይህን ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታዋለች። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከቢሮው ጀርባ በሽቦ ወደታጠረችው ሜዳ ትወጣለች፣ የብረቱን ጣሳ ትከፍታለች፣ በውስጡ ያለውን ባለምልክት ጠርሙስ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ ታየዋለች፣ ከዚያ ተመልሳ መዝገቡ ላይ ዜሮ ትጽፋለች። አንዳንዱ ወር ሠላሳውም ቀን ዜሮ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለቁጥጥር የመጡ ሰውዬ መዝገቡን ሲያገላብጡ ቆዩና «ወይዘሮ ውብነሽ፣ እውነት በየቀኑ እየወጡ ያያሉ? ወይስ እዚሁ ወንበርዎ ላይ ሆነው ነው የሚደረድሩት?» ብለዋት፣ ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድላት ብሎ ነበር። ወጥታ ታያለች። በሰው ላይ የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖራት እሱ ነው።

ደብረ ታቦር አጠገብ ስላደገች ዶፉንም በረዶውንም፣ ቀኑን ሙሉ የማያባራውን ካፊያም ልጅ ሆና ጠግባዋለች። ሰመራ ያሳየቻት ዝናብ ግን ሌላ ነው። ከደመናው ላይ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ እየታየ መሬት ሳይደርስ ሙቀቱ የሚጠጣው አለ። ከአቧራ ነፋስ ጋር ተለውሶ ነጭ ነጠላ ላይ ጭቃ የሚያንጠባጥብ አለ። አፈሩን ጠቃጥቆ፣ ሰዉን ሁሉ ከቤት አስወጥቶ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው መስመር በታች የሚቀር አለ፤ እሱ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። አፋሮቹ ካርማ በሚሉት ክረምት ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ የዓመቱን ባንዴ ደፍቶት የሚሄድ አለ። የመጨረሻው ከሁሉም ይከፋል። እሱ ሰመራ ላይ ጭራሽ አይዘንብም። ወሎ ደጋ ላይ ዘንቦ፣ በደረቁ ወንዝ ቁልቁል ተንደርድሮ፣ በጠራራ ፀሐይ በእግሩ ይመጣል። ለዚህኛው የሰመራው ጣሳ ምንም አያውቅለትም።

ፈሪ ናት፤ እሷም አትደብቀውም። ጊንጥ ትፈራለች፤ ጫማዋን ሳታራግፍ አድርጋ አታውቅም። ግመል ትፈራለች። ባጃጅ ስትሳፈር ሁለት እጇ ብረቱን እንደጨበጠ ነው። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ቀኝ ጉልበቷን ያማታል፣ ባሏ ሞቷል፣ አንድ ልጇ ወንጌላዊት ባሕር ዳር ትማራለች። ለምን ወደ አገርሽ አትዛወሪም ሲሏት «ለመድኩት» ትላለች። እውነቱ ግን የሚያምናት ሰው ያገኘችው እዚህ ስለሆነ ነው። ያ ሰው አይዳሂስ ነው።

አይዳሂስ ፍየልና ጥቂት ግመል የሚያረባ፣ አርባውን የተሻገረ አፋር ነው። የተዋወቁት ሁለተኛ ልጁ ሉላ በልጅነቷ ታማ፣ ውብነሽ ዱብቲ ሆስፒታል ይዛት የሄደች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ለገበያ በመጣ ቁጥር ሳያያት አይመለስም። የሚመጣውም ለዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ቁጭ ይባልና አንደኛው በመጣበት መንገድ ያለውን ሁሉ ይናገራል፤ የት ሣር እንዳለ፣ የት እንደዘነበ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደታመመ። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ነው የሚናገረው። ከዚያ ተራው የሌላው ነው። እንዲህ ካንዱ ወደ አንዱ እያለ ወሬው ሳይመሽ ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ይገባል። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ግን አለቀለት፤ ከዚያ ወዲያ ቁጭ ብሎ የሚሰማው አያገኝም።

ውብነሽ ደገኛ ብትሆንም አይዳሂስ ዳጉዋን እንደ ዘመዱ ይቀበላል። «እሷ ለክታ ነው የምትናገረው» ይላል ለሌሎቹ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም እንዲያ ማለት ጀመሩ። ያላየችውን የማትናገር የሰመራ ሴት አለች ተብሎ፣ እሷ ረግጣው በማታውቀው በረሃ ስሟ ይጠራ ነበር።

ያ ነሐሴ ካርማው የቀረበት ነበር። ሐምሌ አንድ ቀን ሰባት ሚሊ ሜትር ጥሎ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ዜሮ። ማክሰኞ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ውብነሽ ሐቢባ ሻይ ቤት ተቀምጣለች። ሐቢባ ከሐይቅ የመጣች ወሎዬ ናት፤ ሻይ ቤቷ የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች የሚያርፉበት በመሆኑ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋውም። አይዳሂስ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰላምታው ተሰጠ፣ ልጆቹ ተጠየቁ። ሚስቱ አምስተኛ ልጇን ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ደክማለች። እናቱም አርጅተዋል።

«ኤላው፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ደረቀ» አላት። «አሁን ውሃ ያለው ወንዙ ውስጥ ብቻ ነው። አሸዋውን ክንድ ያህል ስትቆፍሪ ይወጣል። ግራሩም እዚያ አረንጓዴ ነው። ግን ዳርቻው ገደል ነው፤ ሚስቴ በቀን ሦስቴ መውረድ መውጣት አልቻለችም። ለሦስት ቀን ቤቱን ነቅዬ ታች አሸዋው ላይ ልትከለው አሰብኩ። እናቴ ወንዝ ውስጥ አይተኛም አለች። እኔም ፈራሁ። አንቺን ልጠይቅ መጣሁ።»

ሌላ ቀን ቢሆን መልሷ የታወቀ ነው፤ እኔ የማውቀው የትናንቱን ነው፣ የነገውን እግዜር ያውቃል። ያን ዕለት ግን የሳምንቱ የአየር ትንበያ በስልኳ ገብቶላት ነበር። ሁለት ገጽ ነው። መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ስለነበረ ዓይኗን አጨንቁራ የሰመራዋን መስመር ብቻ አንብባ ትታዋለች።

«ሦስት ቀን ዝናብ የለም» አለች።

ወዲያው ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። «ኧረ ስሙ፣ ትንበያ ሊነገረን ነው!» አለ አንድ የተሳቢ ሹፌር፤ ሐቢባም «እስቲ ውብዬ፣ ንገሪያቸው» ብላ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ዜሮ ስትጽፍ ለኖረች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ደጋውስ?» አለ አይዳሂስ።

ቆይ ልየው ማለት ነበረባት። መነጽሩን አውጥታ ሁለተኛውን ገጽ መግለጥ ነበረባት፤ ከደቂቃ አያልፍም ነበር። ግን ያ ሁሉ ወንድ አፍ አፏን እያየ ቦርሳ ውስጥ መርመስመስ አላዋቂ የሚያስመስላት መሰላት። እንዲህ ለትንሽ ነገር ነው ሰው የሚበላሸው።

«ደጋውም ሰላም ነው፤ ውረዱ» አለችው።

አይዳሂስ አይቶ እንደተረካ ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም አልጠየቃትም። ሻዩን ጨርሶ ወጣ። ከሻይ ቤቱ በር ላይ አንድ አፋር አግኝቶ ቁጭ ሲሉ በመስኮት አየቻቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠርሙሱ ደረቅ ነበር። ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። ዜሮዋን ጽፋ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የደወለው ቢሰጥ ነው። ቢሰጥ ወሎ ደጋ ላይ የእሷን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ባልደረባዋ ነው፤ በመልክ አይተዋወቁም፣ በስልክ ግን ዓመታት ተቀላልደዋል። ያን ቀን ቀልድ አልነበረውም።

«ውብነሽ፣ የናንተ ሰማይ እንዴት ነው?»

«የኛማ ምን ይሆናል፣ ጠራራ ነው።»

«እዚህ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሰማዩ ተቀዶ ነው ያደረው። ዘጠና አራት ሚሊ ሜትር ለካሁ፤ ጠርሙሱ ሞልቶ የፈሰሰውን ሳልቆጥር ነው። በረዶው እስካሁን አጥር ሥር ነጭ ሆኖ ተከምሯል። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

«ወንዙስ?» አለች።

«ንጋት ላይ ድልድያችንን አልፎት ሄዷል። ቁልቁል ወደናንተ ነው፤ ከስምንት ሰዓት በፊት ቆላው ላይ ይደርሳል። እኔ የደወልኩት ሰው እንድታስጠነቅቂ ነው።»

ስልኩን ዘግታ መነጽሯን አደረገች። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። እዚያው ነው ያለው፤ በወሎ ምሥራቃዊ ተዳፋት ከባድ ዝናብ ይጠበቃል፣ ወደ አፋር በሚወርዱ ወንዞች ዳርና ውስጥ ያሉ ሁሉ ወደ ከፍታ ይውጡ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሻይ ስትጠጣ ይህ ቃል እጇ ላይ ነበር።

አይዳሂስ ጋ ደወለች። የደወሉላቸው ደንበኛ ከአገልግሎት ክልል ውጪ ናቸው። ደግማ ደወለች። ያችው ሴት ያንኑ ነገረቻት። አለቃዋ ጋ ሮጠች፤ እሳቸው ወሬውን ሰምተው ሁለት ስልክ በሁለት ጆሯቸው ይዘው ዱብቲና ወንዙ ሥር ያሉ ቀበሌዎች ላይ እየደወሉ ነው። ያለው አንድ መኪናም ወደዚያው ሄዷል። ከሎግያ በላይ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ሰው አለ ስትላቸው «በነሐሴ? ወንዝ ውስጥ? ማን አባቱ ውረድ አለው?» አሉ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

መንገድ ላይ ያገኘችው የከማሉዲንን ባጃጅ ነው። ከማሉዲን የሐቢባ የእህት ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ለፍላፊ ነው። የት እንደምትሄድ ስትነግረው ሳቀ።

«እትዬ ውብነሽ፣ ወላሂ ባጃጅ እኮ ናት! ግመል አደረግሻት?»

«ከማሉ፣ ሰው ይሞታል» አለችው። ፊቷን አይቶ ሞተሩን አስነሣ።

ሎግያን አልፈው ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ኮረቱ መንገድ ታጠፉ። ባጃጇ በዘለለች ቁጥር የውብነሽ ጥርስ ይጋጫል፤ ዛሬ ግን ባጃጅ መፍራቱን ረስታዋለች። የምትፈራው ሌላ ነው። ያቺን አራስ አሸዋው ላይ ተኝታ ታያታለች። ሉላን ከነፍየሎቿ ታያታለች። ከማሉዲን በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ እያያት ሰማዩን በአገጩ ያመለክታል።

«ግን እስቲ እዪው፣ እትዬ። ጠብታ እንኳ የለም። ደግሞ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ሦስት ቀን የለም ያልሽው? ዛሬ ጠዋት ከሰርዶ የመጣ ሹፌር ነገረኝ። እዚያ ያለ አፋር ሁሉ ውብነሽ ተናግራለች እያለ ወንዝ ለወንዝ ከብቱን እያወረደ ነው አሉ።»

ሰርዶ! ይህን ስትሰማ ጩኸቷ አመለጣት። አንድ ቤተሰብ መስሏት ነበር። ቃሏ ከሷ ቀድሞ፣ ከባጃጅም ከመኪናም ቀድሞ፣ በየደረቁ ወንዝ እየዞረ ሰው አውርዷል። ከማሉዲንን አስቁማ የሰርዶ ሹፌሩን አስደወለችውና «ያልኩት ሐሰት ነው፣ ለሁሉም ንገር፣ ከወንዝ ይውጡ» ብላ ለመነችው። ሹፌሩ እሺ አለ። ይንገር አይንገር እግዜር ይወቀው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ ኔትወርክ ጠፋ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የኮረቱ መንገድ አለቀና የባጃጇ ጎማ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ከዚህ በላይ በእግር ነው። ከማሉዲን ወርዶ ዙሪያውን አየና «ስንት ያስኬዳል?» አለ። አይዳሂስ ለወትሮ ሲናገር እንደሰማችው ሰፈሩ ከዚህ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው። ሙቀቱ አርባ ሦስት ይሆናል። እንደዚያም ሆኖ ነጠላዋን አሸንፍጣ ሄደች። መቶ እርምጃ ሳትሞላ ጉልበቷ ከዳትና በአንድ እጇ አሸዋውን ይዛ ተንበረከከች። እንደማትደርስ ያኔ ገባት። እንባዋ መጣ፤ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ የለም።

ቀና ስትል ከግራሮቹ መሐል አሥራ አንድ ግመል የሚነዳ ሰው ወደነሱ ሲመጣ አየች። ቀጭን፣ ረዥም፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ አፋር ነው። ስሙ ሐመዱ መሆኑን በኋላ ነው ያወቀችው። ሰላም ብሏቸው ግመሎቹን አቁሞ፣ እንደ ወጉ ጥላው ሥር ቁጢጥ አለ። ዳጉ ሊጠይቅ ነው።

«ከየት መጣችሁ? መንገዱ ሰላም ነው?»

«ጎርፍ መጣ!» አለች ውብነሽ። «ከላይ ጎርፍ እየመጣ ነው! አይዳሂስን ታውቀዋለህ? ወንዙ ውስጥ ነው ያለው፣ ልጆቹም እዚያ ናቸው። ሩጥና ንገረው!»

ሐመዱ አልተነሣም። ሰማዩን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«አየሽው?» አለ።

ከማሉዲን ከኋላዋ ተጠግቶ በጆሮዋ «አይቻለሁ በይው!» አላት። «በአላህ ይዤሻለሁ እትዬ፣ አይቻለሁ በይና ይሩጥ!»

ልትለው ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ግን ዳጉ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ካየሽው የት አየሽው ይላል፣ ቀለሙ ምን ይመስላል፣ ምን ተሸክሟል፣ እስከ ምን ይደርሳል ይላል። አንዱ ላይ ከተያዘች ሌላውን አያምናትም፤ ሳያምናት ደግሞ እግሩን አያነሣም። ደግሞም ትናንት እዚህ ያደረሳት ይኸው አንድ ቃል አይደለም? ፈራች። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ የፈራችበት ጊዜ የለም።

«አላየሁትም» አለች። «ሰምቼ ነው። ደጋ ላይ ያለ ሰው አይቶ ነገረኝ። ንጋት ላይ ወንዙ በሱ በኩል አልፏል።»

ሐመዱ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። «የሰማሽው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ደግሞ ትናንት ማታ ሌላ ዳጉ ደርሶኛል። ሰመራ ዝናብ የምትለካ ሴት አለች፤ ሦስት ቀን የለም፣ ደጋውም ሰላም ነው ብላለች። ውብነሽ ነው ስሟ። እሷ ያላየችውን አትናገርም።»

«ውብነሽ እኔ ነኝ» አለች።

ሐመዱ ዱላውን መሬት ላይ አኖረው።

«እኔ ነኝ። የትናንቱንም አላየሁትም። ደጋውን ሳላይ ነው ሰላም ነው ያልኩት። ሰው እያየኝ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። ዳጉዬ ሐሰት ነው። ለሁሉም እንዲህ ብለህ ንገርልኝ፤ ውብነሽ ዋሽታለች፣ ራሷ መጥታ ነገረችኝ በል።»

ሐመዱ አያት። ስለ ሌላ ሰው ሐሰት የሚያወራ በየመንገዱ ሞልቷል። በዚህ ፀሐይ በዚህ ጉልበት ከከተማ ድረስ መጥቶ በገዛ ስሙ ላይ የሚመሰክር ግን አጋጥሞት አያውቅ ይሆናል። ከዚያች ሰዓት ወዲያ በዚያ በረሃ ሁሉ ስሟ የሚጠራው በምን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ብድግ አለ። ሽርጡን ወደ ላይ ሰበሰበ፣ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«ግመሎቹን ያዙ» አለና ሮጠ። አፋር ሲሮጥ ያላየ ሰው ሩጫ አላየም። ጥቂት ሳይቆይ ከግራሩ መሐል ጠፋ።

ከማሉዲን አሥራ አንዱን ግመል አየና «እንግዲህ ምን ልናደርግ ነው?» አለ። አንደኛዋ ግመል አንገቷን አርዝማ ኮፍያውን ስታሸተው ወደ ባጃጁ ዘሎ ገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ውብነሽ በሳቀች። አሁን ግን ግመል የምትፈራዋ ሴት የሐመዱን ዱላ ከመሬት አንሥታ፣ ልሂድ ያለውን ሁሉ እየመለሰች፣ አንድ ዓይኗን ወንዙ ላይ አድርጋ ቆመች። ከተማው ድረስ ተመልሶ ሰው ማምጣት ቢያስቡም ባጃጇ ከአሸዋው አልወጣ አለች። መጠበቅ ብቻ ነው የቀረው።

ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ሃምሳ ጊዜ ስልኳን አየች። እየሮጠ ሰባት ኪሎ ሜትር አሸዋ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቢያርፍስ? አይዳሂስ ከፍየሎቹ ጋር ርቆ ሄዶ ቢሆንስ? ሐመዱ ደርሶስ፣ ሰማዩን አይተው ባያምኑትስ? እመቤቴ ማርያም፣ እኔን ቅጪኝ እነሱን ተይ አለች። ከማሉዲን በበኩሉ የሚያውቃቸውን ሱራዎች ሁሉ ጨርሶ እንደገና ጀምሯል።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ግመሎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጆሯቸውን አቆሙ። መጀመሪያ የሰማችው ከባድ መኪና ከሩቅ የሚመጣ የመሰለ ድምፅ ነው። ከዚያ ሽታው መጣ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ልጅ ሆና የምትወደው ሽታ። ከዚያ ራሱ መጣ። ቡናማ ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ፊት ፊቱን ግንድና አረፋ እየገፋ ነው የሚመጣው። ደረቁ አሸዋ ከዳር እስከ ዳር በዐይን ቅጽበት ጠፋ። በላዩ ላይ ፀሐይ ቦግ ብላ ታበራለች፣ ሰማዩ ላይ አንድ ጠብታ የለም።

ግራር ከነሥሩ አለፈ። የሞቱ ሦስት ፍየሎች አለፉ። ከዚያ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ ከዚያ የጎጆ ሰሌን፣ ከነታጠፈው ቆልማማ እንጨቱ፣ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ እያለ አለፈ።

«ቤታቸው ነው» አለች። «ከማሉ፣ ቤታቸው ነው፤ ያየሁት ቤታቸው ነው!»

ከማሉዲን ይዟት ባይሆን ወደ ውሃው ትሄድ ነበር። አሸዋው ላይ አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ሁለት ሰዓት ተኩል ብዙም አታስታውስም። በየተንሳፋፊው ጨርቅ ላይ ሕፃን ታይ ነበር። አንዴ ቀይ ነገር አይታ ጮኸች፤ የፕላስቲክ ባልዲ ነበር።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ከማሉዲን ትከሻዋን ያዛት። ከወንዙ ማዶ ሰዎች በገደሉ ጫፍ ቁልቁል እየመጡ ነው። ፊት ፊት የሚመጣው ሐመዱ ነው፤ ግመሎቹን ፍለጋ መሻገሪያ አጥቶ በዚያው ዳር ወርዷል። ከኋላው ሌሎች አሉ። ተነሥታ ቆመች። በመሐላቸው መቶ እርምጃ የሚሆን የሚያጓራ ውሃ አለ። አይዳሂስ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሲጮህ አየችው፤ የውሃው ድምፅ ምኑንም አላሰማት። እሷም «ልጆቹ! ልጆቹስ?» ብላ ጮኸች፤ እሱም አልሰማትም።

አይዳሂስ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ትልቁን ልጁን ከጎኑ ጎትቶ፣ ብብቱን ይዞ፣ ልጁ ከማደጉ የተነሣ እየከበደው ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አሳያት። አወረደው። ሉላን ከፍ አደረጋት። አወረዳት። ሦስተኛውን አነሣ። አራተኛዋን አነሣ። እናቱ ከኋላ ግራሩ ሥር ተቀምጠው ይታያሉ፤ ሚስቱ ከጎናቸው ናት። አራት። ከዚያ በኋላ አይዳሂስ እጁን አውርዶ ቆመ።

ውብነሽ አምስት ጣቷን ዘርግታ ክንዷን እስከቻለችው ድረስ ወደ ሰማይ አነሣችው። አይዳሂስ ያያል፤ የገባው አይመስልም። በሌላው እጇ አምስተኛውን ጣት ይዛ ነቀነቀችው። ያኔ ወደ ሚስቱ ዞረ። አራሷ ቀስ ብላ ተነሣች፣ ጎንበስ አለች፣ ከደረቷ ላይ ከጨርቁ ውስጥ አንድ ነገር ስትፈታ ቆየች። ያ መፍታት አላልቅ አለ። ከዚያ በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው፤ ትንሽ ጥቁር ነገር ናት፣ እግሮቿ አየሩን ይራገጣሉ።

ውብነሽ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ከማሉዲንን በሸሚዙ ይዛ ወደ ፊት ጎተተችው።

«አንተም እይ» አለችው። «በደንብ እይና ቁጠርልኝ። ከእንግዲህ የኔ ማየት ብቻውን አይበቃም።»

ከማሉዲን እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ጊዜ ወስዶ፣ አንድ በአንድ ቆጠረ። «ወላሂ አምስት ናቸው፣ እትዬ» አላት።